ለሁለታችሁም እንዲበጅ፦ ከውሻ ጋር ስንኖር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡቺን ወደ ቤት ያመጣሁት ለራሴ ብዬ ነው። ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። ማታ ማታ ከግድግዳ ጋር መፋጠጥ ሰለቸኝ። «ውሻ አሳድጊ፣ ጭንቀት ያቀልልሻል» አሉኝ። እሺ ብዬ አመጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ግን ጭንቀቱ ሁለት ሆነ፤ የኔና የሱ። እሱ በር ይቧጥጣል፣ የፊት እግሩን ቆዳው እስኪቀላ ይልሳል። እኔ እጮኻለሁ። እሱ ሶፋ ሥር ይገባል።

ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ውሻና ሰው ይጠቃቀማሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሰማሁት ግን ግማሹን ነው፣ እኔ የምጠቀመውን። የሱ ድርሻ ሲጓደል የኔም እንደማይመጣ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ውሻን እንደ ክኒን መቁጠር

ውሻ ለጤና ይጠቅማል የሚባለው ዝም ብሎ የተወራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በልብ ሕመም ታክመው ከሆስፒታል የወጡ 92 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። የቤት እንስሳ ከነበራቸው 53 ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 3 ናቸው። እንስሳ ካልነበራቸው 39 ሰዎች ግን 11 ሞተዋል። በ2017 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች የ3.4 ሚሊዮን ሰዎችን መዝገብ አገላብጠው ነበር። ብቻቸውን ከሚኖሩት መካከል ውሻ ያላቸው በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ውሻ ከሌላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ያነበበ ሰው ነገ ጠዋት ቡችላ ፍለጋ ይወጣል። ትንሽ ቆዩ። እነዚህ ጥናቶች «ያዳናቸው ውሻው ነው» አይሉም። ድሮውንም ጤነኛና ንቁ የሆነ ሰው ይሆናል ውሻ ለማሳደግ የሚደፍረው። ከጥቅሙ ብዙው ደግሞ የሚገኘው ውሻው ከሚያስደርገን ነገር ነው። ከአልጋ ያስነሳናል፣ ከቤት ያስወጣናል፣ ያስሄደናል። በ2019 እንግሊዝ ውስጥ ሊቨርፑል አጠገብ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። ውሻ ያላቸው ሰዎች በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ የሚለውን የጤና ምክር የማሟላት ዕድላቸው ከሌሎቹ አራት እጥፍ ገደማ ነበር። ግቢ ታስሮ የሚውል ውሻ ለባለቤቱ ልብ ምን ይፈይዳል? ለራሱም አይፈይድም።

ስለዚህ ውሻ ከማምጣታችሁ በፊት «ምን ያደርግልኛል» የሚለውን ትታችሁ ሰዓታችሁን ቁጠሩ። በቀን ስንት ሰዓት አላችሁ? ለአስር ወይም ለአስራ ሦስት ዓመትስ?

ጭንቀታችን እኛው ጋ ይቀራል ብሎ ማሰብ

እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት ከ58 ውሾችና ከባለቤቶቻቸው ፀጉር ወሰዱ። የፈለጉት በፀጉሩ ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል፣ ማለትም የጭንቀት ሆርሞኑን ነው። ፀጉር ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የወራቱን ጭንቀት ይዞ ይቆያል። የባለቤቱ ከፍ ያለበት ቤት የውሻውም ከፍ ብሎ ተገኘ። የውሻው ጠባይ በነገሩ ላይ ብዙም ለውጥ አላመጣም፤ የባለቤቱ ጠባይ ግን አመጣ። በሌላ አነጋገር፣ ውሻው ከኛ እየቀዳ ነው።

እንዴት ያውቃል? አንዱ መንገድ አፍንጫው ነው። በ2022 የቤልፋስቱ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ሰዎችን ከባድ የሂሳብ ጥያቄ ሰጥተው አስጨነቋቸው። ከጭንቀቱ በፊትና በኋላ ላባቸውንና ትንፋሻቸውን በጨርቅ ያዙ። ከዚያ አራት የሠለጠኑ ውሾች የጭንቀቱን ጨርቅ እንዲለዩ ተደረገ። ከ720 ሙከራዎች በ675ቱ አልተሳሳቱም። ልብ በሉ፣ የሰዎቹን ፊት አላዩም፣ ድምፃቸውንም አልሰሙም።

ቡቺ የሥራ ስልኬን ጥሪ ያውቀዋል። ስልኩ ሲጮህ እኔ ገና «ሄሎ» ሳልል ከእግሬ ሥር ይነሳል፣ አንዴ ያዛጋል፣ ኮሪደሩ ላይ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው ያስተዋልኩት፤ እህቴ ስትደውል አይነሳም።

«አትጨነቁ» ማለት ምክር አይሆንም። ሰው ነን። እኔ የማደርገው ትንሽ ነገር ነው። ከሥራ ስመለስ ቁልፉን ከማዞሬ በፊት በሩ ላይ ቆሜ ሦስት አራት ጊዜ በደንብ እተነፍሳለሁ። አስቸጋሪ ስልክ ከሆነ ሌላ ክፍል ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ለሱ ብዬ የጀመርኩት ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ እራት ስበላ ሆዴ አይጨብጠኝም።

የእግር ጉዞን እንደ ሥራ ቶሎ መጨረስ

አንድ እንጨት አለ፣ ሁሌ የምናልፍበት። ቡቺ እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። መጀመሪያ ከሥሩ ያሸታል፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ዞሮ በጀርባው በኩል፣ ከዚያ መልሶ ከሥሩ። አፍንጫው ይርገበገባል፣ ጢሙ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ደቂቃ። ድሮ ገመዱን ጎተት አድርጌ «ና በቃ!» እለው ነበር፤ በሌላው እጄ ስልክ ይዤ። ሰው ጋዜጣ እያነበበ ከእጁ ላይ መንጠቅ ማለት ነው።

ለውሻ ማሽተት ከጉዞው ላይ የተረፈ ጊዜ ማጥፊያ አይደለም፤ ጉዞው ራሱ ነው። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ውሾችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት በማሽተት ነገር የመፈለግ ጨዋታ እንዲጫወቱ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከባለቤታቸው ጎን ተስተካክለው እንዲሄዱ አሠለጠነ። ከዚያ ምግብ ይኑረው አይኑረው የማይታወቅ ሳህን ቀረበላቸው። ያሸተቱት ከበፊቱ ፈጥነው ወደ ሳህኑ ሄዱ፤ ተስፋ አደረጉ ማለት ነው። ሌሎቹ ላይ ይህ ለውጥ አልታየም።

አሁን ቢያንስ ከጉዞው ግማሹን እሱ ይመራል። እሱ ሲያሸት እኔ ቆሜ ዙሪያዬን አያለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ሁሌ ይሳካልኛል አልልም።

በጩኸትና በቅጣት ማሳደግ

ቤት ገባሁ። አዲሱ ጫማዬ ተቦጫጭቆ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። ቡቺ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ዓይኑን ከኔ አሽሽቶ ይቆማል። «አየህ? ጥፋትህን ታውቃለህ!» አልኩና ጮኽኩበት። ይህን ትዕይንት ውሻ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ውሻው ግን ጥፋቱን አያውቅም። በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የኒውዮርክ ተመራማሪ 14 ውሾችን ከነባለቤቶቻቸው ፈተነች። ባለቤቱ «እንዳትበላ» ብሎ ይወጣል። ተመልሶ ሲመጣ «በልቷል» ወይም «አልበላም» ይባላል፤ አንዳንዴ የሚነገረው ውሸት ነው። ያ የጥፋተኛ ፊት የታየው ውሻው ስላጠፋ አልነበረም። የታየው ባለቤቱ ሲቆጣ ነው። ጭራሽ ምንም ሳይበሉ በሐሰት የተቆጡት ውሾች ላይ ብሶ ታየ። እንግዲህ ያ ፊት ንስሐ አይደለም፤ «እባክህ አትቆጣ» ነው።

ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ቁጣን ውሻ ከጫማው ጋር አያገናኘውም። የሚያገናኘው እናንተ በር ከመክፈታችሁ ጋር ነው። ይሄ ነው ሶፋ ሥር የሚያስገባው። ፖርቱጋል ውስጥ በ92 ውሾች ላይ የተሠራ የ2020 ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። በጩኸትና ገመድ በመጎተት የሠለጠኑት በምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ከሥልጠናው በኋላ ጨምሯል። በሽልማት የሠለጠኑት ላይ ግን አልጨመረም።

የሚሠራው ቀላል ነው። ጫማውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉ፣ የሚያኝከው የራሱ ነገር ስጡት፣ ያንን ሲያኝክ አሞግሱት። እኔ ግን እዚህ ለመድረስ ሦስት ጥንድ ጫማ ከፍያለሁ።

ቋንቋውን በኛ ቋንቋ መተርጎም

ጅራቱን ቆላ ማለት ደስ አለው ማለት ብቻ አይደለም። ጅራቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሞ ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ውሻው ተወጥሯል፤ ራቅ በሉ። ማዛጋት፣ ሳይበላ አፍንጫውን መላስ፣ ፊቱን ማዞር፣ የዓይኑ ነጭ መታየት፣ እነዚህ ሁሉ «ይብቃኝ» የሚልባቸው መንገዶች ናቸው።

ሰው ሲወድ ያቅፋል። ውሻ ሲታቀፍ ግን መሸሻ አጣሁ ይላል። አንዳንዱ ለምዶት ይወደዋል፣ ብዙው ግን ይታገሳል። ሕፃን ልጅ ውሻ አንገት ላይ ተጠምጥሞ የተነሣውን ፎቶ ሰው «እንዴት ያምራል» ሲል፣ እኔ የማየው የውሻውን ዓይን ነው። ማጉረምረሙንም አትቅጡት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን ካስተዋችሁት የሚቀረው ጥርሱ ነው።

በሌላ በኩል ሁለታችሁም የምታተርፉበት ነገር አለ፤ እሱም ዓይን ለዓይን መተያየት። የጃፓኑ አዛቡ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት፣ ረጅም ጊዜ በተያዩ ውሾችና ባለቤቶች ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ጨምሯል። እናትና ጨቅላዋን የሚያስተሳስረው ሆርሞን ነው። በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ላይ ይህ አልታየም። ታዲያ የሚሠራው ውሻው ራሱ ፈልጎ ሲያያችሁ ነው። አገጩን ይዞ «እየኝ» ማለት አይሠራም። የማታውቁትን ውሻ ማፍጠጥማ ጠብ መጫር ነው።

ፍቅርን በሳህን መለካት

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ለዚህ ይሆናል ፍቅራችንን በምግብ የምንገልጸው። 48 ላብራዶር ውሾችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከታተለና በ2002 ውጤቱ የወጣ ጥናት አለ። ግማሾቹ ከአቻዎቻቸው በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። እነዚህ ሁለት ዓመት ገደማ ይበልጥ ኖሩ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ መጣባቸው። ሁለት ዓመት በውሻ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። በእጃችሁ የጎን አጥንቱን ስትዳስሱ በቀላሉ ካላገኛችሁት ወፍሯል።

ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ስኳር በሌለው ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል፦ እነዚህን ጨርሶ አትስጡ።

ክትባትን ለነገ ማለት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ውሻውን በየጊዜው ማስከተብ ግን ነገሩን ከሥሩ ይቆርጠዋል። የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና። «ትንሽ ጭረት ናት» አትበሉ።

ሰውን በውሻ መተካት

«ከሰው ውሻ ይሻላል» የሚለውን አባባል እኔም ብዬዋለሁ፣ የከፋኝ ቀን። ግን ለውሻው ከባድ ሸክም ነው። የሱ ዓለም እኛ ብቻ ስንሆን፣ የኛም ዓለም እሱ ብቻ ሲሆን፣ አንዳችን ለአንድ ሰዓት ብንለያይ ቤቱ ይታመሳል። ቡቺ በር የሚቧጥጠው ለዚህ ነበር፤ ለአምስት ደቂቃ እንኳን ብቻውን መቆየት አላስለመድኩትም። ከአንድ ደቂቃ ጀምሬ፣ ወጣ ብዬ ተመልሼ፣ ቀስ በቀስ አስለመድኩት። ደግሞ ገመድ ይዞ የሚሄድን ሰው ሰው ያናግረዋል። የጎረቤቶቼን ስም ያወቅኩት በቡቺ ነው። እነሱ ግን እስካሁን የኔን ስም አያውቁም፤ «የቡቺ እናት» ነኝ።

ሲያረጅ «ውሻ እኮ ነው» ማለት

እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመን ውስጥ ቦን ከተማ አጠገብ፣ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ፣ የሁለት ሰዎች አጽም ከውሻ አጽም ጋር ተገኘ። ዕድሜው 14,000 ዓመት ገደማ ነው። በ2018 የወጣ ጥናት የውሻውን ጥርስ መርምሮ ነበር። ገና ቡችላ ሳለ ዲስቴምፐር በተባለ ከባድ በሽታ ተይዞ፣ ለሳምንታት በተደጋጋሚ ሲወድቅ ሲነሳ እንደቆየ ተረዱ። ያለ ሰው እንክብካቤ ያን ያህል ሊቆይ አይችልም ነው የሚሉት። ቡችላው አደን አይወጣም፣ አይጠብቅም። የሚረባቸው ነገር አልነበረም። ግን አስታመሙት፣ ሲሞትም ከሰው ጋር ተቀበረ።

ቡቺ አሁን አስራ አንድ ዓመቱ ነው። የአፉ ዙሪያ ነጭ ሆኗል፣ የኋላ እግሩም ጠዋት ጠዋት አይታዘዝለትም። ደረጃው ላይ ሦስተኛዋ እርከን ላይ ይቆምና ዞሮ ያየኛል። ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ትንፋሹ ሲረጋ ራሱ ይነሳል፣ እኔም እነሳለሁ፣ አራተኛዋን እንወጣለን።