ሺትዙን ድሬዳዋ ላይ ማሳደግ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሻዬ ሎሚ ድሬ የገባችው ከሦስት ዓመት በፊት በመጋቢት መጨረሻ ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ ጉልበቴ ላይ ተኝታ መጣች። ጎረቤቴ በር ላይ ቆሞ አያት፣ አያትና፣ "አቦ፣ ይሄ ውሻ ነው መወልወያ?" አለኝ። ዕድሜው የአባቴን ያህላል። ግን ድሬ አንቱታ የለም፤ "አንተ ምን አገባህ" ብዬው ሁለታችንም ሳቅን።

ሎሚ ሺትዙ ከሚባለው የውሻ ዘር ናት። ፊቷ ጠፍጣፋ፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ፀጉሯ እስከ መሬት የሚወርድ። በነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ያልሠራሁት ስህተት የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዱ ግን ሊገድላት ነበር።

ዘበኛ ትሆነኛለች ብሎ መግዛት

እኛ ጋ ውሻ ማለት በር ላይ የሚታሰር ዘበኛ ነው። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ሲባልም የሚታሰበን እሱ ነው። ሺትዙ ግን ሌላ ቤት ያደገ ዘር ነው። ምንጩ ቲቤት፣ ስም ያወጣው በቻይና ቤተ መንግሥት ነው፤ ሥራውም ጭን ላይ መቀመጥ ነበር። ስሙ በቻይንኛ አንበሳ ማለት ነው። ክብደቱ ግን ከ4 እስከ 7 ኪሎ ገደማ ነው። ሎሚ ባጃጅ ሲያልፍ ትጮኻለች። ሌባ ቢመጣ ግን ጅራቷን እየቆላች ሳሎን ድረስ ይዛው የምትገባ ይመስለኛል።

ይህን ዘር ሰንሰለት ላይ ማሰር ጠባዩን ማበላሸት ነው። ሰው አጠገቡ ከሌለ ያለቅሳል፣ እግሩን ሲልስ ይውላል፣ አንዳንዱም ምግብ ይተዋል። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ ቤቱም ባዶ የሆነ ሰው ሌላ ነገር ያሳድግ።

ደግሞ ግትር ናት። ብትቆጧት ጀርባዋን ሰጥታችሁ ትተኛለች። ሽንት ውጭ መሽናት እስክትለምድ ወራት ፈጅቶብናል። እኔ መጀመሪያ ላይ አፍንጫዋን ምንጣፉ ላይ እያስነካሁ እቆጣት ነበር። የተማረችው ነገር ቢኖር ከሶፋው ጀርባ ተደብቃ መሽናት ነው። በልታ ስትጨርስና ከእንቅልፏ ስትነሳ ወዲያው ወደ ግቢ ማውጣት፣ እዚያ ስትሸና ማሞገስ። የሠራው ይሄ ብቻ ነው።

በፀሐይ ይዞ መውጣት

ሊገድላት የነበረው ይሄኛው ነው። ግንቦት ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ከከዚራ ሰፈር ተነስተን ቀፊራ ገበያ ልንሄድ ወጣን። የከዚራ ዛፎች ጥላ አታለለኝ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቁጭ አለች። ግትርነቷ መስሎኝ ገመዱን ጎተትኩ። አልተነሳችም። ሳያት ምላሷ ደም መስሏል፣ ምራቋ እንደ ተልባ ወፍሮ ይንጠባጠባል። ልትቆም ስትሞክር እግሯ ከዳት።

አንዲት ብርቱካን ሻጭ "ምን ትገትራታለህ፣ ውኃ አፍስስባት እንጂ!" ብላ ጀሪካኗን ይዛ መጣች። ሆዷን፣ ብብቷን፣ እግሮቿን አራስናት። እንደራሰች ባጃጅ ውስጥ አስገብቻት፣ በግራና በቀኝ ንፋስ እየመታት ሐኪም ጋ ደረስን። ሐኪሙ ለክቶ ዝም አለ፤ ከዚያ "ውኃው ባይኖር ኖሮ አትደርስም ነበር" አለኝ። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። 41 ከደረሰ አንጎልና ኩላሊት መጎዳት ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻ እንደኛ በመላ አካሉ አያልብም። ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ አየሩ በአፍንጫና በአፍ ሲመላለስ እርጥበቱ እየተነነ ደሙን ያቀዘቅዛል። አፍንጫው አጭር የሆነ ውሻ ግን ይህ መንገድ ጠባብ ነው። ሲያለከልክ ራሱ ይደክማል፣ ድካሙም ሌላ ሙቀት ይጨምራል። ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከ35 ዲግሪ የምታልፍ ከተማ ናት። ደንገጎን አልፎ ሐረር ለመውጣት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። እዚያ ዘመድ ያላችሁ በግንቦት ውሻችሁን ብታሳርፉበት አይከፋም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሐረር ማታ የጅብ ከተማ ናት፤ የጁገል ግንብ ራሱ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው። 5 ኪሎ ውሻ ሌሊት ግቢ ውስጥ አያድርም።

አሁን የምንወጣው ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ ማታ ደግሞ ጨለም ሲል። አስፋልቱን በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ። አምስት እስክቆጥር ካላስቻለኝ ለእሷ መዳፍም አያስችልም። ገመዱም አንገቷ ላይ ሳይሆን ደረቷን በሚይዝ ማሰሪያ ላይ ነው፤ አንገቷን መጎተት ያንኑ ጠባብ መተንፈሻ ማነቅ ነው። ሙቀት የመታት ከመሰላችሁ መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ሩጡ። እርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ማቆየት ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ውኃ ማፍሰስና ንፋስ ይሻላል።

ሙቀት ነው ብሎ ቆዳዋ እስኪታይ መላጨት

ከዚያ ቀን በኋላ ደንግጬ ሎሚን ወንዶች ፀጉር ቤት ወሰድኳት። በማሽን ሙልጭ አደረጋት። በሳምንቱ ጀርባዋ በፀሐይ ተቃጥሎ ይላላጥ ጀመር። ፀጉሩ ለካ ከፀሐይም ይከላከላል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስቀርቶ ማሳጠር በቂ ነው። የሆድ ሥሩን ግን ጠጋ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል፤ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ ስትንጋለል ሙቀቷን የምታወጣው በዚያ ነው።

ማበጠር በየቀኑ። ሁለት ቀን ከዘለላችሁ ብብቷና ጆሮዋ ሥር ይቋጠራል፣ የተቋጠረው ቆዳውን ይጎትታል። ዓይኗ ላይ የሚወርደውን ወይ ሰብስቡት ወይ ቁረጡት፤ ዓይናቸው ወጣ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይቆስላል። የዓይን ቁስል "ነገ አየዋለሁ" አይባልም። ስታጥቧት የልብስ ዱቄት ሳሙና ደግሞ በፍጹም። የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያውን በነጭ ቅርፊት የሚሸፍን ነው፣ ሳሙናውን ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ ደጋግማችሁ አለቅልቁ።

ጉርሻ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የፍቅር ነው። ዓመት በዓል ሲሆን እንግዳው ሁሉ ያጎርሳታል። ዶሮ ወጥ ማለት ግን ሽንኩርት ነው፤ የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርሰውም ሽንኩርት ነው። ተቁላልቶ መብሰሉ አያድናትም። ምልክቱ ደግሞ በዕለቱ አይታይም። ከቀናት በኋላ ድድዋ ይነጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል፣ ትደክማለች። ነጭ ሽንኩርትም ያው ነው። የዶሮ አጥንት ሲበስል እንደ ስንጥር ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል።

በጾም ጊዜ ሌላ ስህተት አለ። ለ55 ቀን ቤቱ ሽሮ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ውሻውም ሽሮ። ውሻ አይጾምም! ሽሮው ውስጥም ሽንኩርቱ አለ። እኔ ሥጋና ሩዝ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም ለብቻ እቀቅልላትና በቀን ሁለቴ በትንሹ እሰጣታለሁ። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና የቡና አተላም ከእሷ መራቅ አለባቸው።

አንድ የድሬ ነገር ልጨምር። ከሰዓት በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም፣ የማይቃመው ትራፊ፣ ገረባው፣ ወለል ላይ ይበተናል። በከተማው ፍየል ሲበላው እያየን ስለምናድግ ውሻም ቢቀምሰው ምንም አይመስለንም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብ የሚያስሮጥ አነቃቂ ነው፤ 5 ኪሎ ለሆነ ፍጡር ቀልድ አይደለም። ተጠርጎ ሳያልቅ ሎሚ ክፍሉ አትገባም።

የከብት መድኃኒት በግምት መስጠት

መዥገር በሙቅ አገር ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ታዲያ አንድ ሰው ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ይዞ ይመጣል። የከብቱ መጠን ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ለ5 ኪሎ ውሻ በዓይን እየገመቱ መርፌ መሙላት ማለት አሥር እጥፍ መስጠት ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሲበዛ ነርቭ ይመታል። ለከብት የሚበጠበጠው የመዥገር መርጫም ያው አደገኛ ነው፤ ራሷን ስትልስ ትጠጣዋለች። ሐኪም መዝኖ ይስጥ። እናንተ ጆሮዋንና የጣቶቿን መሃል በየማታው ፈትሹ።

ከግቢ አትወጣም ብሎ ክትባት መተው

በአጭሩ፦ የመንገዱ ውሻ በበሩ ሥር ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለውሻም ለሰውም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ሦስት ወር ሲሞላት ይጀመራል፣ በየዓመቱ ይደገማል። ካርዱን ከራሳችሁ ወረቀት ጋር አስቀምጡት።

ጎረቤትን መርሳት

ሎሚ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ካልላሰች አይሆንላትም። ያን ጎረቤቴን ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ሲወጣ እየሮጠች ሄዳ እግሩን ላሰችው። በእሱ እምነት የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር። ምንም ሳይለኝ ተመልሶ ገባ። እኔ ደግሞ ውሻ ይጠላል ብዬ ደመደምኩ። ለሳምንት ተኮራረፍን።

በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። "አቦ፣ ሶላቴን ነው እንጂ ውሻህን ማን ጠላት?" አለኝ። ተስማማን። አዛን ሲል የእኔ በር ይዘጋል። እሱ ደግሞ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት፣ ሲመለስ በሩን በእጁ መታ መታ ያደርግና፣ "ተነሳ! መወልወያዋን አውጣት፣ አስፋልቱ ገና ቀዝቃዛ ነው" ይለኛል።