ኮሪያ ያለውን የቃኘው መታሰቢያ ለማየት ስትነሱ

የአያቴ ወንድም ክብር ዘበኛ ነበሩ። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት በላከችው በቃኘው ሻለቃ ዘምተው በሕይወት አልተመለሱም። ስለዚህ ወደ ሴኡል የሚሄድ ዘመድ ሁሉ መታሰቢያው የት እንደሆነ እኔን ይጠይቀኛል። የምመልስላቸው ይኸው።

ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ስም ያዙ። «ቃኘው ነበሩ» ብቻ አይበቃም። ሙሉ ስም ከነአባት፣ ማዕረግ፣ ከተቻለም ስንተኛው የቃኘው ሻለቃ ውስጥ እንደነበሩ። አንደኛው የተነሳው ሚያዝያ 1943 ነው፤ ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945። ውጊያው ላይ የደረሱት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉት ናቸው። የቤቱን ትልልቅ ሰዎች ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ነገ አትበሉ። የፎቶውን ጀርባም አገላብጡ። ስሙን በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ጽፋችሁ ያዙ፤ ኮሪያ መታሰቢያው ላይ የተቀረጸው እናንተ እንደምትጽፉት ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ አፍንጮ በር ሂዱ። የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፓርክ እዚያ ነው፤ ከስድስት ኪሎ በእግር ይደረሳል። ከፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ከመጣችሁ ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው፦ ሻለቃው ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው።

ኮሪያ ስትደርሱ መጀመሪያ ቹንቾን ከተማ። ከሴኡል በባቡር ሄዳችሁ በቀኑ ትመለሳላችሁ። እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት በ1960 ግንቦት ላይ ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። አጠገቡ ጣሪያው እንደ ጎጆ የሆነ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ። አትቸኩሉ፣ ግማሽ ቀን ስጡት።

ስም የምትፈልጉ ከሆነ ግን ቡሳን ድረስ ውረዱ። የተባበሩት መንግሥታት መቃብር ውስጥ የኛን ሰው መቃብር አትፈልጉ፤ የኛ አስከሬኖች ወደ አገር ተመልሰዋል። የምትፈልጉት የመታሰቢያውን ግድግዳ ነው። 40,896 ስሞች በየአገሩ ተቀርጸውበታል፤ ከኛም ከ120 በላይ አሉ። እዚህ ነው ያ የያዛችሁት ወረቀት የሚጠቅማችሁ። ስሙን ስታገኙት በጣታችሁ ዳስሱት፣ ጮክ ብላችሁም አንብቡት። ፎቶ አንስታችሁ ለቀሩት ቤተሰቦች ላኩ።

መሄድ ያልቻለም ከቤቱ ሊያስብ ይችላል። በየዓመቱ በፈረንጆች ኖቬምበር 11፣ በኮሪያ ሰዓት ከረፋዱ 11 ላይ፣ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ቡሳን አዙረው ለአንድ ደቂቃ በጸሎት ይቆማሉ። ያ ሰዓት በኛ ሌሊት 11 ነው፤ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ አትሳሳቱም። ቀኑ ብዙውን ጊዜ ኅዳር 2 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ኅዳር 1 ነው።