የጥንት ባራኩዳን ቅሪተ አካል ከመሳዮቹ እንዴት እንደምንለይ

ድንጋይ ላይ ታትሞ የቀረ ረጅም ጥርሳም ዓሣ ሁሉ ባራኩዳ አይደለም። መለማመጃችን ስፊሬና ቦልከንሲስ የተባለው የጥንት ባራኩዳ ይሁን። ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ሞንቴ ቦልካ የሚባለው የሰሜን ጣሊያን ተራራ ሞቃት ባሕር በነበረበት ዘመን የኖረ ነው።

መጀመሪያ ሙሉ ጎኑን የሚያሳይ ጥርት ያለ የሙዚየም ፎቶ ፈልጉ። የቦልካ ዓሣዎች የሚገኙበትን የጣሊያኗን የቬሮና ከተማ ሙዚየም ብቻ አትፈትሹ፤ እ.ኤ.አ. በ1797 የናፖሊዮን ሰዎች ምርጥ ምርጡን ወደ ፓሪስ ወስደውታል። በስልክ መተግበሪያ ማስለየት ግን እኔ አልመክርም።

ቀጥሎ ጭንቅላቱን ተዉትና ጀርባውን እዩ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይን ጥርስ ላይ ይቀራል። ረጅም መንጋጋና ቀስት የመሰለ ሰውነት አድኖ ለሚበላ ዓሣ ስለሚመች በተለያየ ዘመን፣ በማይዛመዱ ዓሣዎች ላይ ደጋግሞ ተፈጥሯል። በትራያሲክ (ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድሞ በነበረው ዘመን) ሳውሪክቲስ፣ ከዚያ በቀጠለው የጁራሲክ ዘመን አስፒዶሪንከስ፣ ዛሬ ደግሞ የወንዙ ፓይክ አለ። የሦስቱም የጀርባ ክንፍ አንድ ብቻ ሲሆን ወደ ጅራት የተገፋ ነው። ባራኩዳ ግን ተራርቀው የቆሙ ሁለት ክንፎች አሉት፤ የፊተኛው አምስት እሾህ አለው። ዓሣው ሲሞት ይህ ክንፍ ታጥፎ ጀርባው ላይ ሊተኛ ስለሚችል «የለም» ከማለታችሁ በፊት ፎቶውን አጉልታችሁ የእሾሆቹን መስመር ፈልጉ።

አሁን ወደ አፉ ተመለሱ። አስፒዶሪንከስ ላይኛው መንጋጋው እንደ ምንቃር ይረዝማል፤ ባራኩዳ ታችኛው ነው ወደ ፊት የሚወጣው። አከርካሪው ከተረፈ ቁጠሩት፦ ባራኩዳ 24 አለው፣ ፓይክ ከ50 በላይ።

የዘር ሐረጉን ስትስሉ በመልክ አትመሩ። የድሮ መጻሕፍት ባራኩዳን ከቱና ጎን ያስቀምጡት ነበር፤ የዲኤንኤ ጥናት ግን ወደ ሰይፍ ዓሣና ወደ ጠፍጣፋ ዓሣዎች ወገን አዛውሮታል። ለማመን ይከብዳል፤ ጠፍጣፋው ዓሣ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎን ናቸው! ይሁንና እዚያው ቦልካ አንድ ዓይኑ ወደ ሌላው ጎን ጉዞ ጀምሮ ያልጨረሰ አምፊስቲየም የሚባል ዓሣ ተገኝቷል። ባራኩዳው ግን በዚያው ዘመን የዛሬውን መልክ ይዞ ነበር። ስለዚህ ከዛሬዎቹ ባራኩዳዎች ጋር በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሳሉት፤ «ቅድመ አያት» ብላችሁ ግን አትጻፉበት፣ የጥንት ዘመድ መሆኑ ይበቃል።