ኮዱን በትክክል አስገብቼ «ስህተት ነው» ይለኛል

እሁድ ጠዋት አባቴ ስልኩን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። «ስድስቱንም ቁጥር አንድ በአንድ ነው የጻፍኩት። ስህተት ነው ይለኛል!» ጂሜይሉ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ በኋላ ኮድም የሚጠይቀውን) የከፈትኩለት እኔ ስለሆንኩ ጥፋተኛውም እኔው ነኝ። ኮዱን አየሁት፤ ልክ ነው። ከዚያ ሰዓቱ ላይ ዓይኔ አረፈ። የሱ ስልክ 4፡10 ይላል፣ የኔ 10፡10።

የኦተንቲኬተር ኮድ አልሠራ ሲል

ኦተንቲኬተር የመግቢያ ኮድ የሚያወጣው አፕ ነው፤ ኮዱን ግን ከኢንተርኔት አያመጣም። መጀመሪያ ኪውአር ኮዱን ስታነሱ ከተቀበለው ሚስጥራዊ ቁልፍና ከስልካችሁ ሰዓት ራሱ ይቀምረዋል፤ በየ30 ሰከንዱም ይቀይረዋል። ሰዓቱ ከተዛባ ኮዱም አብሮ ይዛባል። አባቴ ስልኩን በሀበሻ ሰዓት በእጁ ስለሞላው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። የሚያስገባው ኮድ የሌሊቱ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለውን ክፈቱና አውቶማቲክ አድርጉት። ቀጣዩን ኮድ ጠብቃችሁ አስገቡ።

አባቴ ግን «በፈረንጅ ሰዓት አልኖርም» አለ። ለሱም ዘዴ አለው። ሰዓቱ አውቶማቲክ እንደሆነ ይቆይና የሰዓት ቀጠናውን ብቻ ቦነስ አይረስ አድርጉት። ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ስልኩ 4፡10 ያሳያል፤ ኮዱ የሚቀመርበት ሰዓት ግን አይነካም። ቀኑም እኩለ ሌሊት ላይ መቀየሩ ቀርቶ ጎህ ሲቀድ፣ ልክ 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል። አባቴ ይህንን ሲሰማ «አርጀንቲናዎች የኛ ዘመዶች ናቸው» ብሎ ሄደ።

ኮዱ በኤስኤምኤስ አልመጣ ሲል

ቴሌግራም ከሆነ መጀመሪያ የድሮውን ስልክ ወይም ኮምፒውተሩን እዩ። አካውንቱ ሌላ ቦታ ክፍት ከሆነ ኮዱ የሚመጣው እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ነው። ሰው ግን ኤስኤምኤስ ሲጠብቅ ይውላል።

ከባዱ ሲሙ ከሌለ ነው። ከዱባይ ወይም ከሪያድ ጠቅልሎ የመጣ ሰው አካውንቶቹ በዚያው ቁጥር ላይ ቀርተው ይቸገራል። ቁጥሩን መቀየር ያለባችሁ ሲሙ ገና እየሠራ ሳለ ነው፤ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ቁጥር መቀየሪያ አለው። ለጂሜይል ደግሞ ጎግል ስልኩ በሌለ ጊዜ የምትገቡባቸው 10 ባክአፕ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ባለ8 አሃዝ ነው፣ አንዴ ብቻ ይሠራል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት። ስክሪንሾት አድርጎ እዚያው ስልክ ላይ መተው ቁልፍን ቤት ውስጥ ቆልፎ መውጣት ነው።

ሳትጠይቁ ኮድ ሲመጣ

የቴሌግራም ከሆነ አትደንግጡ፤ ቁጥራችሁን የያዘ ማንም ሰው ሊያስልከው ይችላል። ኮዱን ለማንም አትስጡ፤ ሴቲንግ ውስጥ ተጨማሪ ፓስወርድ፣ ብትረሱት ከሚያስመልሰው ኢሜይል ጋር ሙሉ። ፓስወርድ አስቀድሞ የሚጠይቅ አካውንት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። አንድ ሰው ፓስወርዳችሁን አውቆ ኮዱ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ቀይሩት።

«የኔ ኮድ በስህተት አንተ ጋ ገብቷል፣ ላክልኝ» የሚል መልእክት ከጓደኛችሁ ቢመጣ መልስ አትጻፉ። በስልክ ደውሉለት። የሱ አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ይሆናል፤ ምናልባትም እስካሁን አላወቀም።