ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በቦሌ ለሚበር መንገደኛ፦ የአየር ርቀትና የጉዞ ሰዓት አሰላል

ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳፈረው ከቦሌ ስለሆነ፣ የአየሩን ርቀት የሚያሰላው ከቦሌ ጀምሮ ነው፤ እስከዚያ ያለው የመኪና መንገድ በኋላ ለብቻው ይደመራል።

የአየር ርቀት በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በምድር ገጽ ላይ የሚለካ አጭሩ መስመር ነው። በስልክ ላይ ያለ ካርታ ይህን ወዲያውኑ ይለካል፤ መድረሻው በቀጥታ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከሆነ ግን በእጅም ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ ቦሌ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ገደማ፣ የጅዳ ማረፊያ ደግሞ 21.7 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ፤ ኬንትሮሳቸው ተቀራራቢ ስለሆነ የ12.7 ዲግሪውን ልዩነት በ111 (አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በምድር ላይ የሚሸፍነው ኪሎ ሜትር) ብናባዛ 1,410 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። የመኪና ርቀትን ለዚህ ስሌት መጠቀም አይገባም፤ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስትርቅ፣ በአየር ግን 330 ያህል ብቻ ናት።

ርቀቱን ወደ ሰዓት ለመለወጥ፣ ለጄት በሰዓት 850፣ በአገር ውስጥ ለሚበሩት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዞ ማካፈልና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት መጨመር ይበቃል። በዚህ መሠረት ጅዳ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናሉ። ረጅም በረራ ላይ ግን ይህ ስሌት ይስታል። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ስለሚያጡ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍ፣ ከዚያ የሚመለሰው በቀጥታ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ነው። የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻውም በመድረሻው አገር አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ሁለቱን ቀንሶ የበረራ ርዝመት ማግኘት የሚቻለው እንደ ጅዳ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ለሚቆጥር ከተማ ብቻ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። በተጨማሪም ትኬት ቀኑን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ «ማክሰኞ 00:40» የሚል ትኬት የያዘ ሰው ሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት አለበት፤ ማክሰኞ ማታ ቢሄድ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። በዚያ ላይ የወሩ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ አይዘነጋ።

የመኪናው መንገድ የሚሰላው ወደ ኋላ ነው። ትኬቱ 10:30 ካለ በረራው ጠዋት 4:30 ነው፤ ለውጭ አገር በረራ ከሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ስለሚያስፈልግ፣ 1:30 ላይ ቦሌ መገኘት ይገባል። የደብረ ብርሃኑ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከሰንዳፋና ለገጣፎ በኋላ ያለው መጨናነቅ ሲታከልበት፣ ሦስት ሰዓት ቢያዝለት አይበዛም፤ ይህ ደግሞ ከሌሊቱ 10:30 መነሳትን ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት በሕዝብ ማመላለሻ ላይ መተማመን ስለማይቻል፣ ለጠዋት በረራ ዋዜማውን ገብቶ አዲስ አበባ ማደር ይሻላል። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከደብረ ሲና የሚመጣ ሰው በተለይ በክረምት የጣርማ በርን ጉም ያስብ፤ መኪናው መብራት አብርቶ እየዳኸ ስለሚያልፈው፣ ከተለመደው ጊዜ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት መጨመር አለበት።