ኦፕቲማን ውበቱን ሳያጠፉ እንዴት መጠቀም ይቻላል?

ኦፕቲማ የተባለውን የላቲን ፎንት ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለመጥሪያ ካርድ ወይም ለመታሰቢያ ጽሑፍ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ካፒታል «አይ»ን (I) በትልቁ ጽፎ በጥንቃቄ ይመልከት። ቋሚው መስመር ወገቡ ላይ ቀጠን ብሎ ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ጫፍ በዝግታ ይሰፋል። እንደ ታይምስ ባሉ ፊደላት ጫፍ ላይ የምትታየው ትንሽ እግር፣ ማለትም ሰሪፍ፣ እዚህ የለችም፤ ይሁንና መስፋቱ የእርሷን ሥራ ይሠራል። የፎንቱ ውበት በሙሉ ያለው በዚህ ስስ ለውጥ ላይ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ እርሱን ለመጠበቅ ነው።

ቅርጹ የመጣው ከድንጋይ ነው። ጀርመናዊው የፊደል ነዳፊ ኸርማን ዛፕፍ እ.ኤ.አ. በ1950 ፍሎረንስ በሚገኘው የሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ድንጋዮች ላይ የተቀረጹ ፊደላትን አይቶ፣ በእጁ በነበረ የሺህ ሊሬ ኖት ላይ ነደፋቸው። የፍራንክፈርቱ የፊደል አምራች ድርጅት ሽቴምፔል ደግሞ በ1958 ፎንቱን ለገበያ አቀረበው። በዋሽንግተን የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ጥቁር ግራናይት ላይ የተቀረጹት ከ58,000 በላይ ስሞች በዚሁ ፊደል መጻፋቸው ተገቢ ምርጫ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስሞቹ ያለ አንዳች ጌጥ ክብራቸውን ጠብቀው ይነበባሉና።

በካፒታል ፊደላት ብቻ ሲጽፉ በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት በመጠኑ ያስፉ፤ ከተጨናነቁ የጫፎቹ መስፋት እርስ በርሱ ይዋጣል። ለረጅም ንባብ ከሆነ 10 ነጥብ መጠን ከ14 ነጥብ የመስመር ርቀት ጋር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ እጅግ ካነሰ ግን ተራ የቢሮ ማተሚያ መስመሩን ወጥ ስለሚያደርገው፣ አንድ አንቀጽ በትክክለኛው ወረቀት ላይ አትመው ሳያዩ ሥራውን አይጨርሱ። ርዕስን ለማጉላት ከማወፈር ይልቅ መጠኑን መጨመር ይሻላል። በተለይ ኮምፒውተሩ በፊደሉ ዙሪያ መስመር እየጨመረ የሚፈጥረውን ሰው ሠራሽ ቦልድ ፈጽሞ አይጠቀሙ። የቀድሞው ኢታሊክም (ያዘነበለው የፊደል ዓይነት) ቀጥተኛውን ፊደል ከማዘንበል ያለፈ ስላልሆነ አጽንዖቱ ደካማ ነው፤ ዛፕፍ ከፊደል ነዳፊው ከአኪራ ኮባያሺ ጋር አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ኦፕቲማ ኖቫ ግን ራሱን የቻለ ኢታሊክ አለው። አብሮት የሚሄድ ሁለተኛ ፎንት ከፈለጉ የዛፕፍ የራሱ ሥራ የሆነው ፓላቲኖ ይስማማዋል። ሄልቬቲካን ግን አጠገቡ አያድርጉ፤ ወጥ የሆነው መስመሩ ኦፕቲማን የተዛባ ያስመስለዋል።

በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተም ካርድ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ኦፕቲማ የግዕዝ ፊደላት ስለሌሉት፣ እርስዎ ካልመረጡ ኮምፒውተሩ ያገኘውን ፎንት ይተካበታል። እንደ አቢሲኒካ ያለ፣ የብዕር ውፍረትና ቅጥነት የሚታይበት ፎንት ይምረጡ። የሁለቱን መጠን በቁጥር ሳይሆን በዓይን ያመጣጥኑ፤ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርገው ዓይንዎን ጠበብ በማድረግ ሲያዩ አንዱ ጠቁሮ ከታየ መጠኑን ይቀንሱ። ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ሲልኩም ፎንቶቹ ፒዲኤፉ ውስጥ መካተታቸውን ያረጋግጡ፤ ኦፕቲማ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከተከፈተ በሌላ ፎንት ሊተካ ይችላል።