በረዶ በለበሰ ተራራ ላይ የናዳን አደጋ እንዴት መመዘን ይቻላል?

ሰው የሚገድለው የበረዶ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ሳይታሰብ የሚወርድ ሳይሆን፣ ሰለባው ራሱ ወይም የጉዞ ጓደኛው ረግጦ የሚያስነሣው ነው። ከሥር እንደ ስኳር የማይያያዝ ልል ንብርብር ይኖራል፤ ከላይ ደግሞ ነፋስ የጠቀጠቀው በረዶ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተያይዞ ይጫነዋል። የአንድ ሰው ክብደት ልሉን ንብርብር ሲሰብረው ላይኛው ክፍል በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ይንሸራተታል።

በመጀመሪያ፣ ከቤት ሳይወጡ የአካባቢውን የናዳ ትንበያ ያንብቡ። ትንበያው አደጋውን ከ1 እስከ 5 ይመድበዋል። ደረጃ 3 ከመሃል ላይ ስለሚገኝ ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል፤ በዚህ ደረጃ ግን ሰው ረግጦ ናዳ የማስነሣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ማብራሪያው ይበልጥ ይጠቅማል፤ አደጋው በየትኛው ከፍታና ወደ የት በዞረ ተዳፋት ላይ እንዳለ የሚናገረው እሱ ነውና።

ቀጥሎ ቁልቁለቱን ይለኩ። በረዶው በየሰዓቱ ሲለዋወጥ የተራራው ቁልቁለት ብዙም ስለማይለወጥ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ሊታመን የሚገባው መለኪያ ይኸው ነው። አብዛኞቹ አደገኛ ናዳዎች የሚነሡት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። መሣሪያ ከሌለዎት እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ምርኩዞች ይበቃሉ፦ አንዱን በረዶው ላይ ሳይሰምጥ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ ሌላውን ጫፉ ከበላይ በኩል ያለውን በረዶ እንዲነካ አግድም ይያዙት። አግድሙ የቆመውን ግማሹ ላይ ካገኘው ቁልቁለቱ 27 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አናቱ ላይ ካገኘው ደግሞ 45 ዲግሪ ነው። ከግማሹ ትንሽ ከፍ ካለ ወደ አደገኛው ክልል ገብተዋል ማለት ነው። የቆሙበት ሜዳ ቢሆንም ከበላይዎ ያለውን ገደል አይርሱ፤ ልሉ ንብርብር ከሥር ሲሰበር ስብራቱ ወደ ላይ ሊጓዝ ይችላል።

በጉዞ ላይ ዓይንና ጆሮዎን ይክፈቱ። በቅርቡ የወረደ ናዳ፣ ከእግርዎ ሥር ተነሥቶ የሚሮጥ ስንጥቅ፣ ወይም በረዶው ሰጥ ሲል የሚሰማ የታፈነ “ውምፍ” የሚል ድምፅ ካጋጠመዎት ምርመራው አብቅቷል፤ ከተዳፋቱ ይራቁ። ብዙ አዲስ በረዶ፣ ዝናብ ወይም ድንገተኛ ሙቀትም ጫናውን ይጨምራሉ። ነፋስ ደግሞ ከሚመታው ጎን ጠርጎ ከለላ በሆነው ጎን ስለሚከምር፣ ለስላሳና ውብ የሚመስለው ተዳፋት ብዙ ጊዜ ከሁሉም የከፋው ነው።

ጥርጣሬ ከቀረዎት ቁልቁለቱ ገር በሆነ ደኅና ቦታ ጉድጓድ ቆፍረው 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ዓምድ ይለዩ። አካፋውን አናቱ ላይ አስቀምጠው 10 ጊዜ በእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ ይምቱ። ዓምዱ በጥቂት ምት በለሰለሰ ገጽ ተቆርጦ ከወጣ ተዳፋቱ አደገኛ ነው ማለት ነውና ውጤቱን ይመኑት። ካልተቆረጠ ግን ተዳፋቱ ደኅና ነው ብለው አይመኑት፤ አንድ ጉድጓድ ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚመሰክረው።

አደገኛ ሊሆን የሚችል ተዳፋት ማለፍ ግድ ከሆነ አንድ በአንድ ይሻገሩ፤ የቀሩት ከናዳው መንገድ ውጭ ቆመው ይመልከቱ። እያንዳንዱ ሰው ምልክት የሚያሰራጭና የሚቀበል መፈለጊያ፣ በረዶውን እየወጉ የተቀበረ ሰው የሚፈልጉበት ዘንግና አካፋ ይያዝ። የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል፣ ከሩቅ የሚጠራ እርዳታ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስለትም። ዘንጉ ሰውየውን ሲነካ ባለበት ይተውት፤ ቁፋሮውንም ከላዩ ላይ ቆመው ሳይሆን ከዘንጉ በታች ካለው የቁልቁለቱ ጎን ጀምረው ወደ ውስጥ ይግፉ።